ፎቶህ ከሲስተር ሱንሂ አባት ጎን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለባምላኩ፣ ካለህበት ካርቱም፤

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ከፋሲካ ወዲህስ እንደምን ነህ? ያ ይዞህ የነበረው የወገብ ሕመም ተሻለህ? ሥራው እንዴት ነው? ሙቀቱ አልበረታብህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። መታመምስ አልታመምንም። ደህና መሆናችንን ግን እንጃ፤ አንብበህ ስትጨርስ አንተው ፍረድ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የጓሮዋን ክፍል አከራይተናታል። ተከራይዋ ሱንሂ የምትባል የኮሪያ ልጅ ናት፤ እዚህ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ በነርስነት ልታገለግል ነው የመጣችው። ሰው ሁሉ ሲስተር ሱንሂ ይላታል። አማርኛዋ ገና ነው፤ ሳቋ ግን ቶሎ ገብቶናል። እማዬን ታውቃታለህ፣ ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አትችልም፤ ብዙም ሳትቆይ ከእኛ መሶብ አቀረበቻት። ታናሻችን አደይ ደግሞ አማርኛ አስተምራታለሁ እያለች የምታስተምራት ስድብ ነው።

የመስቀል ለት ማለዳ ደመራው ላይ አብራን ነበረች፤ አደይ ከአመዱ ግንባሯን ቀባቻት። በማግስቱ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ። በአገሯ አዝመራ ደርሶ ጨረቃ ስትሞላ የሚያከብሩት ትልቅ በዓል አላቸው፤ ቹሶክ ይሉታል። ከሥራ አስፈቅዳ ቀኑን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትል ዋለች። የሩዝ ዱቄት አቡክታ ግማሽ ጨረቃ እያስመሰለች በእንፋሎት አበሰለች፣ ሥጋ ጠበሰች፣ ከገበያ ብርቱካንና ሙዝ ገዛች። ከዚያ በአጭሯ ጠረጴዛ ላይ የአባቷን ፎቶ አቆመች፤ ምግቡን ሁሉ ፊቱ ደረደረች፣ ማንኪያውን ሩዙ ላይ ሰካች፣ ተንበርክካ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሰገደች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታያት አንጀቷን በላቻት። «አየሽ፣ በዓሉ ያለ አባቷ አልዋጥ ብሏት ድርሻውን ሰጠችው» አለችኝ። አባቷ አገሩ ተቀምጦ የሚጠብቃት ነው የመሰላት፤ እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። እማዬ ወደ ቤት ገባችና ያንተን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ መጣች፤ ያን ቡሬ የተነሳኸውን፣ የሰው ኮት ለብሰህ የተኮፈስክበትን። ከሰውየው ጎን አቆመችህ። ከመስቀሉ በግ ያስቀረችውን ጎድን በሳህን አድርጋ ፊትህ አኖረችልህ። ሲስተር ሱንሂ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ እማዬን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያም ተመልሳ ላንተ ሰገደችልህ። እኔና አደይ ያን ኮትህን እያየን ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር።

ለካ ያ ማዕድ የሚቀርበው ለሞተ ሰው ኖሯል። የሲስተር ሱንሂ አባት ከሞተ ቆይቷል። እሷም በበኩሏ እማዬ ልጇ ሞቶባት ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ የምትኖር መሰላት፤ ማታ ተረኛ ነበረችና ሆስፒታል ገብታ ለሥራ ጓደኞቿ እያለቀሰች ነገረቻቸው። እነሱ ደግሞ ያገራችን ሰዎች አይደሉ? ሲነጋ፣ ሲስተር ሰብለ የምትባለውን አለቃቸውን አስቀድመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ።

እስቲ አስበው ባምላኩ። ልጇ ሰው አገር ያለ እናት በማለዳ በሯን ስትከፍት ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ደጇ ተሰብስቦ ብታይ ምን ትላለች? መርዶ ነዋ! ሲስተር ሰብለ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ከማለቷ እማዬ መሬት ላይ ወደቀች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። እትዬ ወለተ ሐና ደረታቸውን እየደቁ ስምህን ጠሩ፤ የዕድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን ይዞ ደረሰ። እኔስ? እኔም አለቀስኩ። ማን ነገራችሁ ሳልል ፊቴን ነጨሁ። ኋላ ነው ሲስተር ሰብለን «በምን ሞተ?» ያልኳት። «እኛማ የሰማነው ከእናንተው ቤት ነው» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ሲስተር ሱንሂ ከሥራ ስትመለስ እዚያ ግርግር ላይ ደረሰች፤ ነገሩም ሲስተር ሰብለ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃት ተጣራ። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ አፈረ፤ ለፋፊው ጡሩምባውን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። እማዬ ግን አላመነችም። መርዶ ባገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ ቤተሰቡ በድንገት እንዳይሰማ ቀድሞ ታሟል ይባላል፣ ሰዉም አፉን ይይዛል። እሷም «አመለጣቸውና መልሰው ሊሸፍኑት ነው» ትላለች። የፋሲካውን ደብዳቤህን አውጥቼ ባነብላት «ከራስሽ እንደማታነቢልኝ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። እሷ እንደሆነ ፊደል አታውቅም። የነፍስ አባቷን አባ ዘሚካኤልን አስጠርታ «በጸሎት ስሙን የሚጠሩልኝ ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን?» አለቻቸው። እሳቸውም «እስኪታወቅ ከሕያዋን» አሏት። ያቺ «እስኪታወቅ» ያሏት ቃል ደግሞ ሌላ ጭንቅ ሆነችብን።

ፎቶህ እስካሁን ከሲስተር ሱንሂ አባት ጎን እንደቆመ ነው። ልጅቷ ለማንሳት ፈራች፤ እማዬም መልሳ ግድግዳው ላይ አልሰቀለችውም፤ እኔም ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ። ሲስተር ሱንሂ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ከእማዬ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትለምናለች። እማዬ ታነሳታለች፣ ትስማታለች፣ ቁርስ ታበላታለች፤ ስትሄድላት ደግሞ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፍቶኛል።

እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ልብ ሆኛለሁ። አንዳንዴ ስንፍናህ ነው፣ ብዕር ማንሳት ከልጅነትህም አትወድም እልና እናደድብሃለሁ። ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቃል አለመላክህ ትዝ ይለኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቆጣህ ወይስ ላልቅስልህ አላውቅም። ስለዚህ መልስ አትጻፍልኝ። የማነብላት እኔ ነኝ፤ እማዬ ደግሞ እኔን አታምነኝም። ስልክ ደውል። የጋሽ ይሄይስ ሱቅ ስልክ አልተቀየረም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማዬን እዚያ ይዣት እቀመጣለሁ። ሌላ ወሬ አያስፈልግህም፤ «እማዬ» ብለህ ጥራት፣ ይበቃታል።

አደይ ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ ያን የሱዳን ሽቶ እንዳትረሳብኝ ብላለች። ከቤታችን ያልተጠራጠረች እሷ ብቻ ናት። እትዬ ወለተ ሐና «እንዲያ ላስለቀሰኝ ይካሰኝ» ብለዋል። አባ ዘሚካኤል እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብለዋል። ሲስተር ሱንሂን ምን ልበልልሽ ስላት አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» ብቻ አለች።

የእማዬን ሰላምታ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ስለቸገረኝ ነው። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ስላት ተነስታ ጓዳ ገብታ ነበር። ደብዳቤውን ወደ መተማ ለሚሄደው ሾፌር ልሰጥ ላሽገው ስል ከጓዳ ተጣራችና «ካለ፣ ሳሚልኝ» አለችኝ።

ከሌለስ ብዬ አልጠየቅኋትም። ይኸው ስሜሃለሁ። ካለህ ደውል።

እህትህ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም
መስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም.