በከበሮው ማንገቻ ላይ የታሰረው መቅረጫ

ሰበታ፤ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን

ባለቤቴ ዘነበች ከታመመች ወዲህ «ድምፄ ጠፍቷል» ብላ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ልምምድ ላይ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ለልደት በዓል እንድትዘምር ብለምናትም እሺ አላለችኝም።

ዛሬ ልጃችን የላከችልንን ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ይዤ ወደ ልምምዱ ሄድሁ። ከሁላችን መካከል እንዲሆን በከበሮው ማንገቻ ላይ አሰርነው። ዘምረን መልሰን ስናዳምጠው ከድምድምታ በቀር ምንም አልተሰማም።

«ድሮስ እኔ ካለሁ እናንተ ምን ትሠራላችሁ!» አለ ከበሮ መቺው ኦቦ ቶላ።

ቀጥሎ መቅረጫውን ሴቶቹ በቆሙበት በኩል መስኮቱ ላይ አኖርሁት። ዳግም ዘምረን ስናዳምጠው ከሌሎቹ ድምፆች ሥር አንድ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

«ይህች ደግሞ ማን ናት?» አለ ቶላ።

ዘነበች አቀረቀረች። «ድምፄን ከበሮው የሚውጥልኝ መስሎኝ ነው» አለች።

«እንግዲያው ቀስ አድርጌ እመታልዎታለሁ፣ እትዬ!»

ቤት ስንደርስ መቅረጫውን ተቀበለችኝና ጓዳ ገባች። አሁን ይህን ስጽፍ መዝሙሩ ከዚያ ይሰማኛል፤ መቅረጫውን የከፈተችው መስሎኝ ነበር። ሆኖም አንዱ ሐረግ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል።

መቅረጫ ራሱን አያርምም።