አገጬ ላይ የበቀለው ማዕረግ

ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ፣ ለሻለቃ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጭ በይ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፣ ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። በቤተሰባችን ላይ የደረሰውን ከባድ ነገር በታላቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ፤ ታናሽ እህትሽ ጢም አብቅላለች።

አሁን እንባሽን ጥረጊና ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ወገብሽስ ተሻለው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? እማዬስ ጉልበቷን መድኃኒቱን ትቀባዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ብልቃጡን መስኮት ላይ አስቀምጣ ታየዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ውሸቴን ከሩቅ ታሸቺዋለሽ።

ያልደወልኩልሽ ወድጄ አይደለም። በደወልኩ ቁጥር አማትሽ ከጎንሽ አይጠፉም፣ ‘እስቲ ድምፁን ከፍ አድርጊው’ ይሉሻል። ይህ ግን ለብቻሽ የሚነበብ ነው። ፊደሌን ታገሺልኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥኩት ይልቅ ተቀጥቼ በሩ ላይ የተንበረከክኩት እንደሚበልጥ ታውቂያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወር አበባዬ ጠፍቶ ወራት አለፉ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሆድ እያመሰ የሚመጣ እንግዳ ቢቀር ማን ያለቅሳል? ቀጥሎ ፊቴን ብጉር ወረረው፣ ወገቤ ቀሚሴን አልቀበል አለ፣ አገጬ ላይ ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር ብቅ አለ። ሻለቃ ብዬ የሾምኩሽ ለምን እንደሆነ መቼም አልረሳሽም። መስታወት ፊት የአገጭሽን ፀጉር ስትነቅይ ደርሼብሽ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ሰላምታ ብሰጥሽ፣ በእርጥብ ፎጣ እያሳደድሽ ግቢውን ሁሉ አዞርሽኝ። ሰውን የጠላው ይወርሰዋል፤ እኔን የሳቅኩበት ወረሰኝ። ይኸው አሥር አለቃ ሆኛለሁ።

እዚህ የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀልድ ነበረችኝ። ፎጣ ጠቅልዬ ሽርጤ ስር እከትና፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ቀኗ እንደ ደረሰ ነፍሰ ጡር በማድረቂያዎቹ መሃል እየተንገዳገድኩ አልፋለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ተኳሿ ‘ኧረ ቀስ፣ ልጁን እንዳትጥዪው!’ እያለች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

እናልሽ፣ ሆዴ የምር ሲነፋ ማን ይመነኝ? አንድ ቀን አለቃችን ለብቻዬ ጠርታ፣ በለስላሳ ድምፅ ስንት ወርሽ ነው አለችኝ። ቀልዱ እሷም ዘንድ የደረሰ መስሎኝ ‘መንታ ነው’ ብዬ መለስኩላት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከእርጥብ አንሶላ አንስታ ካልሲ ማጣጠፍ ላይ አስቀመጠችኝና፣ የሐኪም ወረቀት ሳታመጪ ማሽን አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ሁሉ ‘አባቱ ማን ይሆን?’ እያለ ይንሾካሾክ ጀመር። አላረገዝኩም ብዬ ብምል ብገዘት ይብሱን ይስቃሉ። ውሸት የለመደ አፍ እውነት ሲናገር ምስክር ያጣል። ልብስ ተኳሿ እንኳ ስተኛ እግሬ ስር ትራስ ታደርግልኝ ጀመር። እትዬ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት የኔ አልመስል አለኝ።

ወረቀቱን ፍለጋ የሄድኩባት ሐኪም ቀልድ የማያስቃት ሴት ናት። ደም አስወሰደች፤ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በአልትራሳውንድ አየችኝ። ልጅ የሚባል ነገር የለም። ጥቃቅን ጥቁር ክቦች ብቻ በእንቁላል ማፍሪያዬ ዳር ዳር እንደ ጨሌ ተደርድረዋል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል አለችኝ፤ ስሙን አስደግሜ አስደግሜ አሰለቸኋት። እንደገባኝ ከሆነ፣ እንቁላሎቹ ማደግ ይጀምሩና መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ሆርሞኑ ስለሚዛባ ወሩ ይጠፋል፣ ፀጉሩና ብጉሩ ይመጣል። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ ግን በክትትል ይያዛል። ወሩን የሚያስተካክል ኪኒን ሰጠችኝ፣ የደም ስኳሬን አስለካች፣ ከሥራ ወደ ቤት በእግርሽ ሂጂ፣ ጣፋጭም ቀንሺ አለችኝ። ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ ፊቴን ብታዪው ለቅሶ የሄድኩ ይመስልሻል።

ልጅስ እወልዳለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ብዙዎች ይወልዳሉ፣ ገሚሱ በራሳቸው፣ ገሚሱ በሕክምና እየተረዱ፤ ቃል ልገባልሽ ግን አልችልም አለችኝ። ቀጥላ፣ በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ስለሚችል እህት አለሽ ወይ አለችኝ።

እትዬ፣ ቀልዴ እዚያ ላይ አለቀ። አገጭሽ ትዝ አለኝ። ወርሽ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሳይፈልግ የሚቀር እንደነበር ትዝ አለኝ። አማትሽ ‘ማኅፀኗ ድንጋይ ነው’ ሲሉ አንገትሽን ደፍተሽ የምትሰሚው ትዝ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ‘ልጄ ሌላ ያግባ’ ማለት መጀመራቸውን ስለ ዶሮዎቹ ከጻፍሽው መሃል ሸጉጠሽዋል። ያላየሁት መሰለሽ?

ድንጋይ አይደለሽም። ያንቺም ይኸው ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፤ ካልሲ አጣጣፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ታዪልኝ። ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ልጅ ሲዘገይ ሁለቱም ይመረመራሉ እንጂ ሴቷ ብቻዋን አትከሰስም ብላለች ሐኪሟ። እሱ ዝምተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እምቢ ካለ፣ ባለጢሟ እህቴ ትመጣብሃለች በይው።

እኔማ ወረቀቱን ሰጥቼ ወደ እርጥብ አንሶላዬ ተመልሻለሁ። ልብስ ተኳሿ ትራሱን አልወሰደችም፤ ‘ለመንታዎቹ ይሁን’ ትላለች።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለእማዬ ስለ ሕመሙ አትንገሪያት፣ ታለቅሳለች፤ ስኳር መተዌን ንገሪያት፣ አታምንም። ትንሹን ወንድማችንን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል። ባልሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ስጽፈው ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ግን አትንገሪያቸው።

ጢሙን በተመለከተ እውነቱን ልናዘዝ፤ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ሦስት ፀጉር ነው። ሁለቱን ነቅያቸዋለሁ። ሦስተኛዋን ግን፣ ሐኪም ቤት ደርሼ መጣሁ ብለሽ እስክትጽፊልኝ ድረስ አልነካትም። አደራ ሻለቃ፣ ባለጢም አታስቀሪኝ።

አሥር አለቃ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት