እናቴና ስፌቷ

ሰኞ

ዛሬም «ደህና ነኝ» አለች። ደህና! ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ። እናቴን ነው የምለው። ከቡሌ አምጥቼ ዲላ ሐኪም ቤት አስተኝቻታለሁ፤ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ዓርብ ዕለት ሆዷ ተከፍቶ ወጣላት።

ሲስተሯ መጥታ «እማማ፣ ያምዎታል?» አለቻት።

«ተፈውሻለሁ! ስሙ ይባረክ!»

ሲስተሯ ሳቅ ብላ የማስታገሻውን መርፌ ይዛ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ምን ታድርግ? አላመመኝም ያለን ሰው በግድ አትወጋ።

ወገቤ ተቆረጠ። የምተኛው ወለሉ ላይ ነው።

ማክሰኞ

ዶክተሩ ጀርባዋን አዳምጦ ፊቱ ጠቆረ። በደንብ ካልተነፈሰች፣ ካላሳለች፣ ተነስታ ካልተራመደች አክታው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ይሆናል አለኝ። በእሷ ዕድሜ የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ቀዶ ጥገናውን እንኳን ተወጥታዋለች። ትኩሳት ጀምሯታል። «እማዬ፣ ትንሽ ሳል አድርጊ» እላታለሁ፤ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ታቆማለች። አጥሚቱንም ፉት ብላ መለሰችልኝ።

ከሰዓት የጸሎት ጓደኞቿ መጡ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የጸለዩላት እነሱ ናቸው። አልጋውን ከበው «ተፈውሳለች!» ሲሉ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «አሜን» ያለችው እሷ ናት። ከሄዱ በኋላ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ

ጮህኩባት። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በተኛች አሮጊት ላይ!

«ያምሻል አያምሽም? እውነቱን ንገሪኝ!»

«አያመኝም» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ስፌቱ ነዋ! ያቃጥለኛል። እሳት ነው እኮ። ስተነፍስ የሚቀደድ ይመስለኛል።»

«እና አያመኝም ትያለሽ?»

ሞኝ እንደሚያዩ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ በሽታውማ ጠጠሩ ነበር። ወጣ። ታምሜያለሁ ካልኩ ጌታ አልፈወሰኝም ማለት አይደለም ወይ? ውሸታም ላደርገው ነው?»

ጉድ እኮ ነው! ሁላችንም «ያምሻል?» ስንላት እሷ የምትሰማው «አሁንም በሽተኛ ነሽ ወይ?» ተብሎ ነው። ሮጬ ሲስተሯን ጠራሁ። «ያምዎታል አትበያት፤ ስፌቱ ያቃጥላል ወይ በያት» አልኳት። ጠየቀቻት።

«በጣም!» አለች እናቴ፣ ያለ አንዳች ሀፍረት።

ዶክተሩ ማስታገሻው ለአሮጊት ሲበዛ ያደናግራል ብሎ መጠኑን ቀንሶ አዘዘላት። ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣት፣ እስክትጠይቅ አይጠበቅ አለ። እኔ ደክሞኝ ቆሜ ላንቀላፋ ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ

ማስታገሻው ከያዛት በኋላ ሲስተሯ ትራስ ሆዷ ላይ አሳቅፋ «አሁን ጠንከር አድርገው ይሳሉ» አለቻት። ሳለች። ከሆድ የመጣ ሳል! አክታው ወጣ። ከዚያ «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች፣ በክፍሉ የተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት። እናቴ ስትጮህ ደስ ሲለኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

የጸሎት ጓደኞቿ በሩ ላይ ነበሩ። ደነገጡ። አንዷ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለቻት።



«ስፌቱ አቃጠለኝ» አለች እናቴ። «ለስፌቱም ጸልዩልኝ።»

አልጋውን ከበቡ። ከዚያ ጸለዩ፤ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ትኩሳቱ ትንሽ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልለቀቃትም። ዶክተሩ ነገ ደግሞ አዳምጣለሁ ብሏል። እሷ ታንኮራፋለች። እኔም ጋደም ልበል።