ከሳውናው የወጣው የመጨረሻው ማሞቂያ

አቶ ኢኖ ካርቮነን ከአባታቸው ከማዕድን ቆፋሪው ከአቶ ኡርሆ ካርቮነንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄልሚ በሰሜን ሚኒሶታ፣ በታማራክ ፎልስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1948 ተወለዱ። በዕለቱ የቤቱ ምድጃ ጠፍቶ እንደነበር እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ሲያስታውሷቸው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታትለው፣ በ1971 ዛሬ እሳቸውን በምንሸኝባት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ከወይዘሮ ሊኔያ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ካሪንን ወልደዋል። በ1976 የማሞቂያ ሱቃቸውን ከፈቱ። እሳቸው ይገጥማሉ፤ ወይዘሮ ሊኔያ ስልክ ያነሳሉ፤ የደንበኛ ቁጣም የሚደርሰው ለወይዘሮ ሊኔያ ነበር።

በ2012 ጋዝ የማይቆጥብ ማሞቂያ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንዳይመረት የሚል ደንብ መጣ። የአዲሱ ማሞቂያ ጭስ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ በጡብ ጭስ ማውጫ አይለቀቅም፤ ግድግዳ ተበስቶ በፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል፤ ውሃም ያንጠባጥባል። የዋናው መንገድ ሱቆች ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ አቶ ዌንደል ፕራት፣ «ጋሽ ኢኖ፣ ቱቦውን በየት ሊያወጡት ነው? በጎረቤቴ ዳቦ ቤት በኩል?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ኢኖ ደንቡ ከመድረሱ በፊት ሱቃቸውን ለባንክ አስይዘው ሃያ ሁለት የድሮ ማሞቂያ ገዙ። አሥራ አራቱ የቤታቸው መኪና ማቆሚያ ገቡ፤ ስምንቱ በጓሮው ሳውና፣ ማለትም ቤተሰቡ በምድጃ እያሞቀ በሚታጠብበት የእንጨት ክፍል፣ ውስጥ ተደረደሩ። ደንቡ ግን በፍርድ ቤት ክርክር ተንጠልጥሎ ቀረ። ትልልቅ መደብሮች ያንኑ ማሞቂያ በርካሽ ማራገፍ ጀመሩ። የሳቸውን የሚገዛ ጠፋ።

ሳውናው ለሁለት ክረምት ተዘጋ። ወይዘሮ ሊኔያ፣ «ስምንት ማሞቂያ ገብቶበት የማይሞቅ ሳውና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር። በ2014 ሱቁ ከእጃቸው ሊወጣ ሲል፣ «ወይ አዲሱን ተማር፣ ወይ ሳውናዬን መልስ» አሏቸው። አቶ ኢኖ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዱሉዝ ከተማ ወርደው ስድስት ሳምንት ተማሩ። ሲመለሱ መልሱን ይዘው መጡ፤ ቱቦው በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ አልፎ በጣሪያ ይወጣል።

የመጀመሪያውን ለአቶ ዌንደል ገጠሙ። የውሃ ማፍሰሻውን ግን ብርድ በሚገባበት ጓዳ በኩል አሳለፉት። በጥር ውሃው በረዶ ሆነና ማሞቂያው ራሱን አጠፋ። ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ካፖርቱን ደርቦ ተቀመጠ።

«ጋሽ ኢኖ፣ ደንቡ ስለ በረዶ ምን ይላል?»

«ደንቡ ምንም አላጠፋም። እዚህ ሀገር ተወልጄ ብርድ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ፣ አዲሱ የጋዝ ወጪ ስለሚቀንስ፣ የዋናውን መንገድ አሥራ አንድ ሱቆች አዳረሱ፤ ሱቃቸውም ተረፈ። ስትወጡ ቀና ብትሉ ነጫጮቹን ቱቦዎች በየጣሪያው ታያላችሁ።

የድሮዎቹ ማሞቂያዎች ገሚሶቹ ተሸጡ፣ ገሚሶቹ ለመለዋወጫ ተፈቱ። ሳውናው እንደገና ቢሞቅም አንዱ ግን ከጥጉ አልወጣም። እንዲወጣ በተጠየቁ ቁጥር «ደንቡ ቢቀየርስ?» ይሉ ነበር።

አቶ ኢኖ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም አንድ ዓመት ታክመዋል። በጥቅምት መጀመሪያ ካሪንን ጠርተው «አውጡት» አሉ። ካሪንና አቶ ዌንደል ተሸክመው አወጡት፤ ወይዘሮ ሊኔያ ምድጃውን ለኮሱ። አቶ ኢኖ ዝቅተኛው መደብ ላይ ከባለቤታቸው ጎን ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው፣ ሙቀቱ እንደሚያንስ ተናገሩ።

ኅዳር 9 ቀን 2024 በሰባ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ቤተሰቡ በአበባ ፈንታ የሚለምነው አለ፤ ሳውናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፣ ፎጣችሁን ይዛችሁ ኑ። ወይዘሮ ሊኔያ ብቻቸውን መግባት አልለመዱም።

አምላክ የአቶ ኢኖን ነፍስ ብርድ በማይገባበት ቤት ያኑርልን።