በድምፅ ማጉያ የተጠራ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ተራ ቀን። የክፍሌ በር እንደ ልማዱ አልከፈትም ብሎ ታገለኝ፣ በትከሻዬ ገፋሁት። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» ይላል። ከሥሩ አንዱ ጎበዝ «የእብዶች መግቢያ» ብሎ በእስክሪብቶ ጨምሮበታል። በእርጥብ ጨርቅ ፈተግኩት፣ ወይ ፍንክች። የእጅ ጽሑፉ ግን ያምራል... ማን ይሆን?

ከእረፍት በኋላ ዝምተኛዋ መጣች። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። አባቷ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ወዲህ ጠዋት ክፍል ልትገባ ስትል ደረቷ ይጨመቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እጇ ይደነዝዛል። ስንት ጊዜ ከበሩ ተመልሳለች! መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ቀስ ብሎ መተንፈስን ስንለማመድ ከረምን። ዛሬ ገና ቁጭ ከማለቷ፣ የሒሳብን ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ አለችኝ። እሰይ! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ስትወጣ በሩን ይዛ ዞረች።

«ለማንም አይነግሩም አይደል፣ ቲቸር?»

ለማንም አልኳት።

ማታ ባሌ «ዛሬስ ምን ሰማሽ?» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዝናብ ሊመጣ ነው አሉ አልኩት። ይሄን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ከእኔ ያገኘው ወሬ ቢኖር የአየር ጠባይ ብቻ ነው። ምስኪን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ዳይሬክተሩ ከሥልጠና ተመለሰ። «የተማሪዎች ደህንነት» የሚል ሥልጠና። ባነር አሠርቶ ነው የመጣው፣ ባነሩ ከቢሮው መስኮት ይበልጣል። ሰብስቦን ከአሁን በኋላ የተማሪን ችግር በግልጽ እንጋፈጣለን አለ። በግልጽ የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አጣጣማት። የክፍል ኃላፊዎች ድጋፍ የሚያስፈልገውን ተማሪ እንዲጠቁሙት አዘዘ። ለምን ብዬ ብጠይቀው የእርስዎን ሥራ ላቀልልዎት ነው አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። በጣም ጓጉቷል... እሱ ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ሰልፉ እንደ ወትሮው በድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ ልብ አላልኩትም። ከዚያ የዳይሬክተሩ ድምፅ... «የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ስም የሚከተለው ነው። ስማችሁ ሲጠራ ከሰልፍ ወጥታችሁ ወደ አማካሪዋ ክፍል ትሄዳላችሁ።»

ደግሞ እኮ ከነአባታቸው ስም ነው የጠራቸው። ያ ማጉያ መንገድ ድረስ ይሰማል። በየስሙ ሳቅ። የዝምተኛዋ ስም ሲጠራ፣ ጥሏት የሄደው ሰውዬ ስም ተከትሎ ሲመጣ፣ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። ሜዳው ላይ ስደርስ የለችም። ጥበቃው «እንደ ጥይት ነው ያለፈችኝ» አሉ።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። አላንኳኳሁም። ችግሩ ምን እንደሆነ በእውነት አልገባውም! ጥርሱን ያመመውን ልጅ ሐኪም ቤት ሂድ እንል የለ አለኝ። ጥርሱን ያመመውን በድምፅ ማጉያ እንጠራዋለን ወይ አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። የክፍሌን ቁልፍ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«በዚያው ማይክሮፎን ልጆቹን ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ያ ክፍል አይከፈትም።»

«ዳይሬክተር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይተዋል፣ መምህርት?»

«እዚህ አያለሁ።»

ቁልፉን ወሰደ። እንግዲያው የወረቀት መጋዘን ይሆናል አለ። ይሁን!

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ክፍሌ ካርቶን በካርቶን ሆነ። አላየሁም ብዬ አለፍኩ። አየሁ እንጂ።

አሁን የት ነው የምቀመጠው? መምህራን ማረፊያ? ግድግዳው ሳይቀር ጆሮ ነው። ደግሞስ አሁን አማካሪዋ አጠገብ የሚቀመጥ ደፋር ማን አለ? የተጠሩት ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

አርብ፣ ኅዳር 7

አልቀመጥም። እዞራለሁ!

በምሳ ሰዓት ሜዳውን መዞር ጀመርኩ። ብቻዬን፣ ቦርሳዬን አንግቼ። ሲያዩኝ ሳቁ፣ ይሳቁ። የስፖርት መምህሩ «እትዬ፣ ውፍረት ልትቀንሺ ነው?» ብሎ ቀለደ። ጠጋ ብዬ፣ ልጆቹ ሳይታወቅባቸው እንዲያወሩኝ መሆኑን በሹክሹክታ ነገርኩት። አየኝና ፊሽካውን ነፋ፣ ከዛሬ ጀምሮ በምሳ ሰዓት የእግር ጉዞ አለ ብሎ ለፈፈ። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በሚዞር ሰው ተሞላ። ማን ለጨዋታ እንደሚዞር፣ ማን ለወሬ፣ ማን ለችግሩ... ማን ይለያል?

ከተጠሩት ልጆች አንዱ ጎኔ ገባ። ፊት ለፊት ከመተያየት ይሻላል፣ ሁለታችንም ወደፊት ነው የምናየው። ኳስ ሲያወራ፣ ኳስ ሲያወራ፣ ጥግ ላይ ስንታጠፍ ዋናውን ነገር አወጣው።

ዝምተኛዋ ዛሬም አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ዳይሬክተሩ ሜዳው ላይ ምን እንደምናወራ በየሳምንቱ ሪፖርት እንዳደርግ አዘዘኝ። ስለ አየር ጠባይ ነው የምናወራው አልኩት። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ባሌ አርፈሽ ደመወዝሽን አትበይም ወይ አለ። እኔና ማረፍ!

የዝምተኛዋ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሚመጣው ሳምንት ፈተና አለ። ካልተፈተነች ከትምህርት ቤቱ ትሰረዛለች። እናቷን በስልክ አገኘኋቸው። ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ናቸው፣ ልጅቷ ያለችው አክስቷ ጋ ነው። አክስቲቱ ጸጉር ቤት አላት፣ ልጅቷን እዚያው ሥራ አስጀምራታለች አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጸጉር ቤቱ ሄድኩ።

አክስቲቱ ማን እንደሆንኩ ስትሰማ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ልጄን በአደባባይ እብድ አስባላችኋት አለች። እውነትዎን ነው አልኳት። እልኋ ትንሽ በረድ አለ። ጸጉሬን መታጠብ እፈልጋለሁ ስላት ልጅቷን ጠራች።

አንገቴን ገንዳው ላይ አስደግፌ፣ ሳሙናው እንዳይገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ጣቶቿ ሥራ ለምደዋል። ከዚያ ከላዬ ላይ ድምፅዋ መጣ።

«ሁሉም ዞሮ አየኝ፣ ቲቸር።»

እየታገልኩልሽ ነው አልኳት። በዚያው ማይክሮፎን ይቅርታ እንዲጠይቅሽ ነው የያዝኩት፣ አልለቀውም። እጇ ቆመ።

«ታዲያ ያኔም ስሜን ሊጠራው አይደል?»

ሳሙናው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አሥር ቀን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ የምታገለው... ለካ እኔም ያንኑ ማይክሮፎን ነበር የምፈልገው! አሳፈረኝ፣ ግን ሳቄም መጣ። እሷም ሳቀች መሰለኝ፣ አላየኋትም።

ምን ይሻልሻል አልኳት። ሳሙናውን በውሃ አስለቀቀች።

«የወጣሁት እያዩኝ ነው። እያዩኝ ልግባ። በሰልፍ ሰዓት፣ በዋናው በር። እርስዎ ግን አብረውኝ እንዳይሄዱ።»

አክስቲቱ ወዲያ ማዶ ሆና ሰምታለች። መስታወቱን እየወለወለች፣ ሰኞ ጠዋት ይበርዳል፣ ሹራብሽን አትርሺ አለቻት።

እሑድ፣ ኅዳር 16

በሰልፍ ሰዓት በሩ ይዘጋል። ያረፈደ ውጭ ይቆያል፣ የዳይሬክተሩ ሕግ ነው። ጥበቃው ቤት ድረስ ሄድኩ። እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው አሉ። አይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምከፍተው አልኳቸው። አገጫቸውን አሹ አሹና፣ ሰኞ ጠዋት ሽንት ቤት እሄዳለሁ፣ ሆዴ ሊያመኝ ነው አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

መቀርቀሪያውን ስስበው ዝገቱ ጮኸ፣ ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ዳይሬክተሩ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ሰዓት ማክበር ነበር የሚያወራው።

ገባች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለው። ቆመች... በቃ ተመለሰች አልኩ። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ሲል አየሁ። እንደተለማመድነው። ከዚያ ሄደች። በሜዳው መሃል፣ ሳትሮጥ፣ አንገቷን ሳትደፋ። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ፣ እግሬ ሂድ ሂድ እያለኝ።

ዳይሬክተሩ ንግግሩን አቋረጠ። ኧረ እንዳትጠራት፣ እንዳትጠራት... ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማይክሮፎኑን አጥፍቶት ነው። መድረኩ ላይ አኖረውና ወረደ። አጠገቧ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አላት። ማንም አልሰማም። እሷም አጭር መልስ ሰጠችውና ሰልፏ ውስጥ ገባች።

ጥበቃው ከሽንት ቤት ሲመለሱ ዓይኔን አይተው ጉንፋን ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ፈተናውን ጨረሰች። አንድ ቀን ብቻ መሃል ላይ ወጥታ ተመልሳ ገብታለች። ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው አልተነሳልኝም። ክፍሌም ካርቶን እንደታጨቀበት ነው። በሰልፍ ላይ የማንም ስም መጠራት ግን ቀርቷል። ጠዋት ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያን ቀን ምን እንዳልኳት... ነገረችዎት?»

«ብትነግረኝስ ለእርስዎ የምነግርዎት ይመስልዎታል?»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ጥሩ ብሎ ሄደ። እኔስ ማወቅ አልፈለግኩም? ጓጉቼ ልሞት ነው! ግን አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም።

ምሳ ሰዓት ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ቦርሳዬን አንግቼ መዞር ጀመርኩ። ግማሽ እንኳ ሳልደርስ ከወዲያ ማዶ፣ ያ ሁሉ ተማሪ እየሰማ፣ ዝምተኛዋ ጮኸች።

«ቲቸር፣ ይጠብቁኝ፣ የማወራዎት ነገር አለ!»

ቆሜ ጠበቅኋት።