ከግርጌ የተቆረጡ ሁለት መስመሮች

ጥቅምት 6

ዝናቡ አላባራም። ጥቅምት ገብቶም ቆሰበር ያው ቆሰበር ናት… ጠዋት ዮዲት ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች። ኢንተርኔት ስለሌለ አዲሱን «ቀለም» በፍላሽ ይዛ ነው። ፍላሹን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

ቀለም ራሷ የሠራችው ፕሮግራም ነው። ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ይታረምበታል። ከሌላው የሚለየው ትእዛዝ መማሩ ነው። «ይህን ቃል ባለበት ሁሉ ቀይር»፣ «በፊደል ተራ ደርድር» ብለህ አንድ ጊዜ ትጽፍለታለህ፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል። የማተሚያ ቤታችን ሰው ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነው። የእርዳታ መመሪያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አዲሱ ሲመጣ መመሪያውም ይታደሳል። ስድሳ አራት ገጽ።

ሥራ አስኪያጃችን አዝመራው ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሽ አበረ፣ ለአንድ ትእዛዝ አንድ ገጽ። ሁለተኛ ገጽ የሚያገላብጥ የለም።»

እውነቱን ነው። ከእንየው በቀር።

እንየው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ። እዚሁ ተቀጥሮ የአዊኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አዘና፣ ዘንገና፣ ገበያ ለገበያ ዞሮ ከሽማግሌና ከአሮጊት አፍ የለቀመው ነው። ደብተሮቹን ጣሪያው አፍስሶ አበስብሷቸዋል። አሁን ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። መመሪያ ሲያነብ በጣቱ እየተከተለ ነው። የተጻፈውን ያደርጋል፤ ያልተጻፈውን አያደርግም።

ጥቅምት 9

ስብሰባ ላይ እንየው ስህተት አገኘብኝ። ገጽ ሰባት። «አስቀምጥ» እና «ዝጋ» የሚሉትን ቁልፎች አቀያይሬ ጽፌያለሁ። ለብቻዬ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ በሁሉም ፊት…

«ጋዜጠኛው! ስንቱን ሰው ሥራውን ሳያስቀምጥ ልታስዘጋው ነበር? ነገ ማረሚያ ታወጣለህ ወይስ እንደ ጋዜጣችሁ ዝም ነው?»

አዝመራው ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጋዜጣ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ማረሚያ የወጣብኝ ሁለት ጊዜ ነው። የሁለቱንም ቀን አስታውሳለሁ።

ጥቅምት 14

ገጽ ሠላሳ አንድ። «አጥራ» የሚባለው ትእዛዝ። ፋይል ውስጥ የተደጋገመውንና የተዝረከረከውን ያጸዳል። ዮዲት ከፕሮግራሙ ጋር የሰጠችኝ ረቂቅ በሁለት መስመር ከገጹ አለፈ። ከታች ቆረጥኩ። ጋዜጣ ላይ እንደዚያ ነው፤ ዋናው ነገር ከላይ ይጻፋል፣ ቦታ ሲጠብ ከግርጌ ይቆረጣል። አይታሰብበትም። እጅ ያውቀዋል።

ገጹ አማረ።

ጥቅምት 17

አዲሱ ቀለም ተጫነ። አሮጌው ያጠራቀማቸው ኮፒዎች ሁሉ ቦታ ለማስለቀቅ ተደመሰሱ። መመሪያው ያለው እኔ ማሽን ላይ ነው፤ ሌሎቹ የእርዳታውን ቁልፍ ሲጫኑ የእኔን ያያሉ። እንየው ግን በወረቀት ካልሆነ አያምንም። ስድሳ አራቱንም ገጽ አሳትሞ በላስቲክ በላስቲክ አስገባ።

«ስክሪን ላይ ያለውን ሰው ይነካካዋል» አለ። «እኔ በወረቀቴ ነኝ።»

ኅዳር 3

ረፋድ ላይ እንየው ከክፍሉ ጠራኝ። አልጮኸም።

«አበረ… ና እስቲ። ፍቺዎቹ የት ሄዱ?»

ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው። ከቃል ሥር ቃል፣ ከቃል ሥር ቃል። ፍቺው፣ አገባቡ፣ የነገረው ሰው ስምና ሰፈር የለም። «አጥራ»ን አዝዞ ነበር፤ በየወሩ እንደሚያደርገው። አዲሱ የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ መስመር ትቶ ሥሩን ሁሉ ጠርጎታል። ሰባት ሺህ ቃል… ትርጉም ያለው አንድም የለ።

«መልስ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ሃያ ጊዜ። ሠላሳ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አልኩት።

«ግማሹን እኮ እኔም አላውቀውም። ለዚያ ነው የጻፍኩት። የነገሩኝ ሰዎች ሞተዋል።»

ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ለማሽኑ ነበር።

ኅዳር 4

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የዮዲትን ረቂቅ ከፈትኩ። ከገጽ ሠላሳ አንድ ግርጌ የቆረጥኳቸው ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

«ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌው ቀለም ኮፒ ራሱ ያስቀምጥ ነበር፤ አዲሱ አያስቀምጥም። ከማጥራትህ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጥ፤ አንዴ የጠራ ፋይል አይመለስም።»

ያን ቀን አንብቤያቸው ነበር? አላስታውስም… ያነበብኳቸው ይመስለኛል።

ቦታቸው መልሼ ጻፍኳቸው። ፊደሉን ትንሽ ሳሳንሰው ገጹ በቃ። ያን ቀንም አሳንሼው ቢሆን ይበቃ ነበር። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከምሳ በፊት ዮዲት ከዳንግላ ተጠርታ ደረሰች። የምትችለውን ሁሉ ሞከረች። ምንም የለም። የተረፈው ለሙከራ በወረቀት ታትሞ የነበረው፣ በመጀመሪያው ፊደል የሚጀምሩት ቃላት ክፍል ብቻ ነው። በመጨረሻ የእርዳታውን ቁልፍ ተጫነች።

«ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያው አለ እኮ። አላዩትም?»

እንየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መልሶ አደረገው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አነበበ። «አልነበረም» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ…

«አላየሁትም ማለት ነው» አለ።

«በጣት ማንበብ ለዚህ ነው?» አለ አዝመራው። ማንም አልሳቀም። እኔ ፈገግ ብዬ ይሆናል።

ኅዳር 5

ዮዲትን በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።

«ነገሩ ደስ አላለኝም» አለች። «ጋሼ እንየው የተጻፈ ነገር የሚያልፉ ሰው አይደሉም።»

«እድሜ ነው።»

«ይሆናል… ቀለም እኮ የትኛው ገጽ መቼና በማን እንደተነካ ይመዘግባል። ጽሑፉን አያስቀምጥም፤ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ። መመሪያውንም ጭምር።»

«ታዲያ ለምን አላየሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ? አቤቱታ ከቀረበ አወጣዋለሁ። ሳልጠየቅ የሰው ማሽን አልበረብርም።»

ሚኒባሱ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። እጄንም አወዛወዝኩላት።

ኅዳር 11

እንየው ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት መጣ። ከኮቱ ውስጥ ላስቲኩን አወጣ። ገጽ ሠላሳ አንድ። ወረቀቱን ረስቼው ነበር! እንዴት ረሳሁት?

«አበረ፣ አንተ የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖርክ ሰው ነህ። ሦስት ቀን ፈለግሁት፤ አጣሁት። እስቲ አሳየኝ።»

ሊወቅሰኝ አልመጣም። ማስረጃውን በእጁ ይዞ ዓይኑን ነው የሚጠረጥር።

«ላስቲኩ ያንጸባርቃል ጋሼ። አውጥቼ መስኮት ጋ ልየው።»

ጀርባዬን ሰጠሁት። ለአዝመራው ያሳተምኩት አዲሱ ገጽ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ላስቲኩ ውስጥ የገባው እሱ ነው።

«ይኸው። ከታች ያሉት ሁለቱ።»

ጣቱን አሳረፈበት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

አሮጌው ገጽ አሁን እዚህ ደብተር ውስጥ ነው። አራት ላይ አጥፌዋለሁ።

ኅዳር 18

እንየው ባሕር ዳር ሄዶ ዓይኑን ታይቶ መጣ። «ዓይንህ ደህና ነው አሉኝ።» ግንባሩን በጣቱ ነካ። «ጭንቅላቴ ነዋ፣ እንግዲያ።»

ወደ ማሽኔ ዞርኩ።

ታኅሣሥ 8

አዝመራው ለአዳዲስ ሠራተኞች መመሪያውን ማስተማር ጀምሯል። እንየውን ፊት ያቆመውና ገጽ ሠላሳ አንድን ጮክ ብሎ ያስነብበዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ባያነቡት ምን ሆነ?»

«የዘጠኝ ዓመት ሥራዬን ጠረግሁት።»

በክፍል ድምፁ ነው የሚመልስ፤ ጥርት አድርጎ፣ ከኋላ ለተቀመጠው እንዲሰማ። መጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዛሬ ሳይጠራ ቀድሞ ተነሣ።

ጋዜጠኛው ማለቱን ትቷል። አቶ አበረ ነው የሚለኝ።

ታኅሣሥ 21

እንየው አዘና ደርሶ ተመለሰ። ወይዘሮ ሸጋ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ የዛፍ ስም ሁሉ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ነሐሴ ላይ አርፈዋል። ልጆቻቸውን ይዞ ጫካው ዳር ለዳር ዞረ አሉ።

«ስሞቹ እኔ ጋ አሉ» አለኝ። «ዛፎቹም እዚያው አሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

መጻፍ ያለበት ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩት።

ጥር 12

እንየው ፈረሱን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። በፈረሰኞች በዓል ሳይጋልብ የቀረበት ዓመት የለም፤ አምናም ከወጣቶቹ እኩል ነበር። «ገደል ቢኖር አላየው ይሆናል» ብሏል አሉ።

ጥር 23

የፈረሰኞች በዓል። ከተማው በአቧራና በደወል ተሞልቷል። እንየው አጥር ተደግፎ ቆሟል። ፈረሱ በፊቱ ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ እስከ መጨረሻው ተከተለው። አጥርቶ ያያል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጥር 26

አዝመራው ለእንየው የተጻፈ ደብዳቤ አርሜ እንዳስፈርመው ሰጠኝ። የመዝገበ ቃላቱ ሥራ በሠራተኛው ቸልተኝነት ምክንያት ተቋርጧል፤ ሠራተኛውም ተሰናብቷል፤ ፈርሞ ይቀበል። ስምንት መስመር። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። «ቸልተኝነት» የሚለውን አልነካሁም። ስምንተኛው መስመር ይህ ነው፦

«በውሳኔው ቅር ከተሰኙ በአሥር ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ጉዳዩም እንደገና ይመረመራል።»

«ይቺ መስመር ትቆይ» አለ አዝመራው። «ሕግ ነው።»

ትቆይ አልኩ። ጥሩ አማርኛ ናት። አቤቱታ ከቀረበ ግን ዮዲት መዝገቡን ታወጣለች። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ኅዳር አራት፣ ጠዋት፣ አበረ…

ጥር 27

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንየው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ባለ ጉዳይ ከበሩ ቆመ። ይግቡ ብዬ አስቀመጥኩት። ደብዳቤውን ሰጠሁት። አየው፣ ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«አንተው አንብብልኝ፣ አቶ አበረ። የራሴን ንባብ አላምነውም።»

ሰባቱን መስመር አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ በየነጠላ ሰረዙ ትንፋሽ እየሰጠሁ። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አላደረገም። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ከዚህ በላይም ቢሉኝ ይገባኛል።»

ብዕሬን ሰጠሁት። የት እንደሚፈርም ጠየቀኝ። አሳየሁት፤ ከስምንተኛው መስመር ሥር።

ፈረመ።