በቡና አልጋዎች መሃል ጨለማ ፍለጋ

ማክሰኞ

ስታዲየም ሆኗል! ጳጉሜ ላይ የገዛ እጄን እንኳ ማየት ያቃተኝ የሸቤው ሜዳ ዛሬ በአራቱም ጥግ ትልልቅ መብራት ተተክሎበታል። የክበባችን ልጅ ለሊሴ ሞተሯን አጥፍታ «ዘሃራ፣ ያንቺ ጨለማ ይሄ ነው?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጳጉሜ ላይ ሜዳው ውስጥ የተደረደሩት የሽቦ አልጋዎች ባዶ ነበሩ። እንዲያውም ዕቃ ማስቀመጫ ይሆኑናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ኅዳር ነው። አልጋው ሁሉ ሊደርቅ ቡና ተሰጥቶበታል፣ ቡናው ደግሞ ሌባ አለበት፣ ስለዚህ መብራት። ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ አድጌ፣ የቡና ወቅት ረሳሁ! ሰማዩ የሚጠራው ደግሞ ልክ ቡናው በሚደርስበት ወር ነው።

የኮከብ ክበባችን ቴሌስኮፕ አለው፣ የሚያቆምበት ቦታ ግን የለውም። ቦታ ፈልጊ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የምሸጠው፣ በአስተማሪና በነርስ መሃል ያለሁት ብቸኛ ነጋዴ። ባለፈው እሑድ ሰብሳቢያችን መምህር ተስፋዬ «የምንሰበሰብበት ሆቴል ጣሪያ ይበቃናል» ሲል ደሜ ፈላና በሁሉም ፊት «እስከሚመጣው እሑድ ጨለማ ቦታ ካላመጣሁ ከክበቡ እወጣለሁ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? አፌ ነው።

መውጣት አልፈልግም። አንድሮሜዳ የምትባለውን ጋላክሲ እስካሁን በስልክ ብቻ ነው ያየኋት።

ረቡዕ

ሱቁን ከቀትር በኋላ ዘግቼ ከለሊሴ ጋር ስንዞር ዋልን። የትምህርት ቤቱ ሜዳ፦ የቡና ጭነት መኪና በአጠገቡ ሲመላለስ ያድራል። ወንዙ ዳር ያለው ግጦሽ፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ጉም ዋጠው። ከዚያ ውጪ ዛፍ፣ ዛፍ፣ አሁንም ዛፍ። ቡና ጥላ ስለሚወድ እዚህ አገር ቀና ብሎ ሰማይ ማየት የሚቻለው ቡና በሚሰጣበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ቤቴ ስገባ እግሬ አብጦ ነበር። መምህር ተስፋዬ ደወለ። «የሆቴሉን ጣሪያ አስጠርጌያለሁ» አለ። በጣም በትህትና ነው ያለው፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ከዚያ ጣሪያ የሚታየው ጨረቃና የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነው።

ሐሙስ

ከሸቤው ሜዳ ባለቤት ከሐጂ ጀማል ጋር ተገናኘሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ቅዳሜ ጨረቃ የለችም፤ ለአንድ ምሽት መብራቱን ቢያጠፉልን» አልኳቸው።

ሳቁ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ሌባ እንኳ እንዲህ ብሎ ለምኖኝ አያውቅም።»

አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ ምላሴ ከእኔ ይቀድማል። «ሐጂ፣ መብራቱ ለሌባውም እኮ ያበራለታል። እኛ አሥራ አምስት ሰው ነን፣ አንተኛም። በየጥጉ እንቁምልዎት» አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት።

ከዚያ የደረሰባቸውን ነገሩኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ አልጋ ሙሉ ቡና የተወሰደባቸው መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ዘበኛው ተኝቶ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ራሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድራሉ። በመጨረሻ «ጋሪዳ፣ ይሁን» አሉ። «ግን ቀድማችሁ መጥታችሁ ከጤዛው በፊት ቡናውን አብራችሁን ላስቲክ ታለብሳላችሁ። አንድ እፍኝ ቢጎድል የምይዘው አንቺን ነው።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ዓርብ

መምህር ተስፋዬ በስልክ፦ «ዘሃራ፣ ዘበኛ ልታደርጊን ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ለመታዘብ እመጣለሁ» አለ። ይምጣ።

ከሱቅ ቀይ ሻሽ ቆራርጬ ለሁሉም ባትሪ መሸፈኛ ሰፋሁ። ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይን አይጎዳም። እዚህ ክበብ ውስጥ ጨርቅ ሻጭነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ።

ጁምዓ ላይ ዱዓ አደረግኩ፤ ለቡናውም ለሰማዩም። ቢሰረቅ ምን እላለሁ? እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ቅዳሜ፣ ከመውጣታችን በፊት

ደመና አለ። ለሊሴ ይበተናል ትላለች። ምሳ አልበላሁም።

እሑድ፣ ጠዋት

አየኋት! አየኋት!

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ከመግሪብ በፊት ደረስን፣ ላስቲኩን ጫፍ ጫፉን ይዘን አልጋዎቹን አለበስን። መምህር ተስፋዬ ጫማው ጭቃ ሆነ፤ ላስቲኩን ግን አልለቀቀም። ደመናው ሄደ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ማብሪያውን በገዛ እጃቸው አጠፉት።

መጀመሪያ ምንም አልታየንም። ከዚያ ሰማዩ ቀስ በቀስ ሞላ፤ እስከ ዛፎቹ ጫፍ ድረስ ሞላ። ቴሌስኮፑን ለሊሴ አቀናችልኝ። አንድሮሜዳ ትንሽ ነጭ ነገር ናት፤ መስታወት ላይ የተነፈሱበት ትመስላለች። ያቺው ናት። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

በየተራ ሁለት ሁለት ሆነን ጥጉን ጠበቅን። አንድ ጊዜ ከአጥሩ ኋላ ነጭ ባትሪ ብልጭ ሲል አሥራ አምስታችንም በአንድ አፍ «ማነው?!» አልን። ባትሪው ሲሮጥ አየነው። መምህር ተስፋዬ ከሁላችን አብልጦ ጮኸ።

ሐጂም ይዩ ብዬ ልጠራቸው ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ያንኮራፋሉ። ሚስታቸው እጄን ያዙኝ፦ «በአላህ ተይው፣ ልጄ። እንቅልፍ ካየ ስንት ጊዜው ነው።» ተውኳቸው።

ሲነጋ ሐጂ አልጋዎቹን አንድ በአንድ እየገለጡ አዩ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ። ምንም አልጎደለም። «ማሻአላህ» አሉ፤ ፊታቸው እንቅልፍ ጠግቧል።

እሑድ፣ ማታ

ክበቡ ተሰብስቦ ድምፅ ተሰጠ። ለሸቤ መጀመሪያ እጁን ያወጣው መምህር ተስፋዬ ነው። «ጣሪያውስ?» ብዬ ነካካሁት። «ልብስ ይሰጣበት» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አሁን ልተኛ ስል ሐጂ ደወሉ። የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ለካስ ጎረቤቶቻቸው ሰምተው ኖሯል። ሁሉም ቡና አላቸው፣ ሁሉም መብራት ላጥፋ፣ ወደ እኔ ይምጡ ይላሉ።

«ምን አሏቸው?» አልኩ።

«ሞክሯትና ታገኙኛላችሁ! አልኳቸው። እነዚያ የኮከብ ሰዎች የኔ ናቸው።»